ስኮትላንዳዊው መምህርና የአርጀንቲና እግር ኳስ

የአርጀንቲና እግር ኳስ ሲነሳ በእኛ አገር ስም የሚቸግረው ሰው የለም። ኬምፔስ፣ ማራዶና፣ ባቲስቱታ፣ ሜሲ እያለ የሰፈር ልጅ ሁሉ እንደ ጎረቤቶቹ ይዘረዝራቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በሰኔ ወር 1978 ዓ.ም. ማራዶና ሜክሲኮ ላይ በእንግሊዝ መረብ ያሳረፋቸውን ሁለት ግቦች፣ አንዱን በእጁ፣ ሌላውን ግማሹን ቡድን አልፎ በእግሩ ያስቆጠራቸውን፣ ያየ ሰው ዛሬም የትናንት ያህል ይተርካቸዋል። ያን ዕለት አርጀንቲናዊው የጨፈረው ኳስ ስላሸነፈ ብቻ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት እሱ ማልቪናስ፣ እንግሊዞች ፎክላንድ በሚሏቸው ደሴቶች የተነሳ በጦር ሜዳ የደረሰበትን ሽንፈት በኳስ ሜዳ የተወጣ መስሎ ስለተሰማውም ጭምር እንጂ።

ታዲያ እኔን ዘወትር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ያን ጨዋታ ለአርጀንቲና ያስተማሩት ብሪታንያውያኑ ራሳቸው ናቸው። ኳሱን ያመጡት፣ ደንቡን ያስተማሩት፣ የመጀመሪያውን ሊግና የመጀመሪያውን ታላቅ ቡድን ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። ከእነሱም መካከል ከሁሉ ፊት የሚቆመው ጄኔራል ወይም የባቡር ኩባንያ ባለሀብት ሳይሆን አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ስሙ አሌክሳንደር ዋትሰን ሃተን ይባላል። አርጀንቲናውያን «የእግር ኳሳችን አባት» የሚሉት እሱን ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ታሪክ ላወጋ አስቤያለሁ። ከዚያም አልፌ አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፤ ሰው በሰው አገር የተከለው ነገር በመጨረሻ የማን ነው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡር፣ ወደብና ኳስ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አርጀንቲና ነጻ አገር ትሁን እንጂ ኢኮኖሚዋ ከለንደን ገበያ ጋር የተቆራኘ ነበር። የባቡር ሐዲዷን በብዛት የዘረጋው የብሪታንያ ገንዘብ ነው። ሥጋዋንና እህሏን ጭኖ የሚሄደውም የብሪታንያ መርከብ ነበር። ሐዲዱን ተከትለው መሐንዲሶች፣ ሜካኒኮች፣ የባንክ ጸሐፊዎች፣ ነጋዴዎችና መምህራን ወደ ቦነስ አይረስ ጎረፉ። መቼም ስደተኛ ባዶ እጁን አይመጣም። እነዚህም ሻያቸውን፣ ጋዜጣቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውንና ክበባቸውን ይዘው ነው የመጡት። ኳስም አብራ መጣች።

በታሪክ መዝገብ የሰፈረው የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው ጁን 20 ቀን 1867 ነው። ቶማስና ጄምስ ሆግ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በዚያው ዓመት በሜይ ወር የቦነስ አይረስ እግር ኳስ ክበብን መሥርተው ነበርና፣ ፓሌርሞ በተባለው ሰፈር በነበረው የክሪኬት ሜዳ ላይ አገራቸው ሰዎችን ሰብስበው ተጫወቱ። ለአንድ ቡድን አሥራ አንድ ሰው ማግኘት ስላልተቻለ ስምንት ለስምንት ሆነው ነው የገጠሙት። ሁሉም ብሪታንያውያን ነበሩ።

ሆኖም ይህ ጅምር አልሰነበተም። ክበቡን ያቋቋሙት ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ወደ ራግቢ አዘነበሉ። ለሌላው የከተማ ሕዝብ ነገሩ ከአጥር ወዲያ የሚታይ የፈረንጅ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ኳስ መጥታ ነበር፤ ሥር ግን አልሰደደችም። እኔ «ማን ቀድሞ አመጣት?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ማን ተከላት?» የሚለው ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ከግላስጎው የመጣው መምህር

ሃተን በጁን ወር 1853 ግላስጎው ከተማ ተወለደ። እናትና አባቱን ገና በልጅነቱ አጣ። ወላጅ አልባ መሆኑ ግን ከትምህርት አላገደውም፤ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወጣ። በ1882 በፌብሩዋሪ ወር ውቅያኖስ ተሻግሮ ቦነስ አይረስ ሲገባ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። የመጣውም የስኮትላንድ ተወላጆች በ1838 ያቋቋሙትን የሴንት አንድሩስ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርነት ለመምራት ነበር።

በዚያ ዘመን በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች አንድ ጠንካራ እምነት ነበር። ልጅ በመጽሐፍ ብቻ አይታነጽም፤ በሜዳም ይታነጻል የሚል ነው። በቡድን መጫወት ለጓደኛ ማሰብን፣ ለዳኛ መታዘዝን፣ በሽንፈት አለመኮራመትን፣ በድልም አለመኩራራትን ያስተምራል ይባል ነበር። ይህ አስተሳሰብ ከበስተኋላው የግዛት አስተዳዳሪዎችንና መኮንኖችን የማፍራት ዓላማ እንደነበረው አይካድም። ሃተን ግን ይህን እምነት ይዞ የመጣው ሊገዛ ሳይሆን ሊያስተምር ነው። ስፖርት ለእሱ የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ አልነበረም፤ እንደ ሒሳብና እንደ ሰዋስው ያለ ትምህርት ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ቦርድ ጋር ያጋጨውም ይኸው ነው። ለተማሪዎቹ ሰፋ ያለ የመጫወቻ ሜዳና የስፖርት አዳራሽ እንዲዘጋጅ ጠየቀ። ቦርዱ አልተቀበለውም። ሃተንም ክርክሩን አላራዘመም፤ ሥራውን ለቅቆ በፌብሩዋሪ 1884 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ስሙም ቦነስ አይረስ ኢንግሊሽ ሃይ ስኩል ተባለ። በዓመቱ በቀድሞው ትምህርት ቤት አብራው ታስተምር የነበረችውን ማርጋሬት በጅን አገባ። እንግዲህ አስቡት፤ በሰው አገር፣ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ደመወዝ የሚቆረጥለትን ሥራ ለኳስ ሜዳ ሲል ጥሎ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ዘመዶቹ በአጠገቡ ቢኖሩ ኖሮ «ምን ነካው?» ሳይሉ አይቀሩም ነበር።

በ1886 ዊልያም ዋተርስ የሚባል የአገሩ ሰው ሊያግዘው መጣ። ስለ ዋተርስ አመጣጥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ወግ አለ። በሻንጣው ውስጥ አየራቸው የወጣ የቆዳ ኳሶች ይዞ ስለነበር፣ የቦነስ አይረስ ጉምሩክ ሠራተኞች ዕቃው ምን እንደሆነ ግራ ገባቸው ይባላል። የወይን ጠጅ ስልቻ ነው? ቆብ ነው? ቀረጡስ በየትኛው መደብ ይታሰብ? በመጨረሻ «የእነዚያ እብድ እንግሊዞች ነገር ነው» ብለው አሳለፉት ይላል ወጉ። ሰዎቹ ስኮትላንዳውያን እንጂ እንግሊዞች አልነበሩም፤ ለአገሬው ሰው ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ እንግሊዝ ነው። ወጉ እየተቀባበለ የመጣ እንደመሆኑ ማሳመሪያ ሳይጨመርበት አልቀረም። ቢሆንም ያ የጉምሩክ ሠራተኛ የልጅ ልጁ ለዚያ «ስልቻ» ሲል ሥራ ፈትቶ ስታዲየም እንደሚውል ቢነገረው ኖሮ ምን ይል ይሆን?

የሃተን ሥራ ከሆግ ወንድማማቾች ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ኳስን ለአዋቂዎች ክበብ አመጧት። ሃተን ግን በትምህርት ፕሮግራም ውስጥ አስገባት። ክበብ አባላቱ ሲሰለቹ ይበተናል። ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ አዲስ ልጅ ይቀበላል፤ በየዓመቱም ኳስ የሚያውቅ ጎልማሳ ያስወጣል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ እዚያው አርጀንቲና ተወልደው ያደጉ ነበሩ። አባታቸው ስለ ኤዲንብራ ቢያወራም ለእነሱ አገር ማለት ቦነስ አይረስ ነው።

ደንብና መዝገብ

ኳስ መራገጥ አንድ ነገር ነው፤ ውድድር ማቋቋም ሌላ ነገር ነው። ማን ከማን ጋር፣ መቼና የት ይጫወታል? ዳኛውን ማን ይመድባል? ቅሬታ ሲነሳ ማን ይፈርዳል? ይህን የሚመልስ ማኅበር ከሌለ ጨዋታ ሁሉ በግብዣ የሚደረግ የሠፈር ግጥሚያ ሆኖ ይቀራል።

በ1891 በቦነስ አይረስ አንድ ሊግ ተቋቁሞ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። ከብሪታንያ ደሴቶች ውጪ ከተደረጉት የሊግ ውድድሮች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሴንት አንድሩስና ኦልድ ካሌዶንያንስ በነጥብ እኩል ሆነው ስለጨረሱ በሴፕቴምበር ወር እንደገና ገጥመው ሴንት አንድሩስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ሃተን ለሜዳ ሲል ጥሎት የወጣው ትምህርት ቤት ስም የመጀመሪያው የአርጀንቲና ሻምፒዮን ስም ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች።

ያ ሊግ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ በ1892 ውድድር ሳይደረግ ቀረ። ነገሩ እንደ ሆግ ወንድማማቾች ጅምር ሊከስም ሲል ሃተን ገባበት። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1893 የአርጀንቲና አሶሲዬሽን የእግር ኳስ ሊግን አቋቁሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነ። በዚያው ዓመት ሻምፒዮና ተካሄደ፤ ሎማስ የተባለው ቡድን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የአርጀንቲና ሻምፒዮና ሳይቋረጥ ቀጠለ። የዛሬው የአርጀንቲና እግር ኳስ ማኅበር የልደት ቀኔ ነው ብሎ የሚያከብረው ያንኑ የ1893 ፌብሩዋሪ 21ን ነው።

የማኅበሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ከሞላ ጎደል የብሪታንያ ዘሮች ነበሩ። ስለዚህ ያን ጊዜ ነገሩ «የአርጀንቲና» ሊግ ተባለ እንጂ በእውነቱ በአርጀንቲና የሚኖሩ ብሪታንያውያን ሊግ ነበር። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በ1898 ግን መንግሥት የአካል ማጎልመሻ ትምህርት በትምህርት ቤቶች ግዴታ እንዲሆን ደነገገ። ሃተን ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሥራውን የለቀቀበት ሐሳብ የአገር ደንብ ሆነ ማለት ነው። ኳስም የፈረንጅ ልጆች ብቻ ሳትሆን የተማሪ ሁሉ ለመሆን በር ተከፈተላት።

አሉምኒ

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የሃተን ትምህርት ቤት ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ክበብ መሠረቱ። በትምህርት ቤታቸው ስም ሲጫወቱ ቆይተው በ1900 ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኑ። በትምህርት ቤት ስም መጫወት ማስታወቂያ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ስለተነሳ በ1901 ስማቸውን ቀየሩ። የመረጡት ስም «አሉምኒ» ነው፤ በላቲን ተማሪዎች ማለት ነው።

አሉምኒ ለአሥር ዓመት ያህል ማን ይንካኝ አለ። በትምህርት ቤቱ ስም ያገኙትን የ1900 ድል ጨምሮ እስከ 1911 ድረስ አሥር ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ዋንጫው ያመለጣቸው በ1904ና በ1908 ብቻ ነው። የቡድኑ አጥንት በ1825 ከስኮትላንድ ፈልሰው ከመጡ ሰፋሪዎች የተወለዱት የብራውን ወንድማማቾች ነበሩ። ከእነሱም ስመ ጥሩ አምበሉ ጆርጅ ብራውን ነው፤ አገሬው «ሆርሄ» ይለዋል። የሃተን ልጅ አርኖልድም ለአሉምኒና ለአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል።

በ1904 ሳውዝሃምፕተን ከእንግሊዝ መጥቶ አሉምኒን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ሮካ ከተመልካቾች መካከል ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁን 1906፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የብሪታንያውያን ቡድን ተራውን ቀመሰ፤ አሉምኒ 1 ለ 0 አሸነፈው። አንድ የአርጀንቲና ቡድን ከውጭ የመጣ ቡድን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ያሸነፉት ልጆች ስማቸው ብራውን፣ የተሸነፉትም ስማቸው እንግሊዝኛ ነው። ተመልካቹ ግን «እኛ አሸነፍን» ነው ያለው። ባለቤትነት የሚጀምረው በደም ሳይሆን እንዲህ «እኛ» በማለት ነው።

የአሉምኒ መጨረሻ ግን አሳዛኝ ነው። ቡድኑ የሚጫወቱለትን የሚመርጠው ከትምህርት ቤቱ ልጆች ነበር፤ እነብራውን እያረጁ ሲሄዱ ተተኪ ጠፋ። በሌላ በኩል በየሰፈሩ ማንንም ተቀብለው የሚያሰልፉ ክበቦች እየበዙ፣ ወጪውም እየናረ ሄደ። አሉምኒ በ1911 የመጨረሻውን ዋንጫ ካነሳ በኋላ ወደ ሜዳ አልተመለሰም፤ በ1913 በአፕሪል ወር በይፋ ፈረሰ። በካዝና የተረፈውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሰጥተው ተበተኑ።

ጨዋታው እጅ ሲቀይር

አሉምኒ የፈረሰበት ዓመት ሌላም ነገር ይዞ መጣ። በዚያው በ1913 ራሲንግ የተባለው ክበብ ሻምፒዮን ሆነ። ተጫዋቾቹ በብዛት የጣሊያንና የስፓኝ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ራሲንግ ከዚያ ወዲያ እስከ 1919 ድረስ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ። የብሪታንያውያን ክበቦች አንድ በአንድ ወደ ራግቢና ወደ ክሪኬት ተመለሱ።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1914ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከቦነስ አይረስ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ በውጭ አገር የተወለደ ነበር። ከተማው በአንድ ትውልድ ውስጥ ያበጠ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በቋንቋ የማይግባባበት ከተማ ነው። ኳስ ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ቦካ ጁንየርስን በ1905 የመሠረቱት በወደቡ አካባቢ የሚኖሩ የጣሊያን ስደተኞች ልጆች ናቸው። ሮዛሪዮ ላይ ደግሞ አይዛክ ኒዌል የሚባል እንደ ሃተን ያለ እንግሊዛዊ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹ በ1903 በስሙ ክበብ መሠረቱ። ኒዌልስ ኦልድ ቦይስ ይሉታል። ሜሲ በልጅነቱ የተጫወተበት ክበብ ይኸው ነው።

በ1919 የተመሠረተው ኤል ግራፊኮ የተባለው መጽሔት ጸሐፊዎች ይህን ለውጥ ወደ ፍልስፍና ለወጡት። የአርጀንቲና እግር ኳስ ሁለት ልደት አለው አሉ። የመጀመሪያው የእንግሊዞቹ ነው፤ ረጅም ቅብብል፣ ጉልበትና ሥርዓት ያለበት። ሁለተኛው የራሲንግ የ1913 ድል ነው፤ ማታለል፣ ማለፍና ብልጠት ያለበት። ቦሮኮቶ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጋዜጠኛ በ1928 ለአርጀንቲና እግር ኳስ ሐውልት ይቁም ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐውልቱ የማን ይሁን አለ መሰላችሁ? ፊቱ ያደፈ፣ ፀጉሩ ያልተበጠረ፣ እግሩ ሥር የጨርቅ ኳስ ያለች አንድ የድሃ ልጅ! የመምህሩ ስም አልተነሳም። ትምህርት ቤት ሳይሆን ባዶ ሜዳ ነው የጨዋታው እናት ተባለ።

እኔ ቦሮኮቶን አልነቅፈውም። በጨርቅ ኳስ ላደገ የእኛ አገር ሰው የዚያ ልጅ ሐውልት እንግዳ አይደለምና። ዳሩ ግን ታሪክ ሁለቱን መነጠል አይፈቅድም። ባዶ ሜዳው ላይ ያለው ልጅ የሚያታልለው ተጋጣሚውን እንጂ ደንቡን አይደለም። ደንቡን፣ የውድድር ሰሌዳውን፣ ዳኛውንና ዋንጫውን ቀድሞ ያዘጋጀው ሰው ባይኖር ኖሮ ብልጠቱ በሰፈር ተወርቶ በሰፈር ይቀር ነበር።

የቃላት ምስክርነት

ታሪክ የረሳውን ቋንቋ ይይዘዋል። አርጀንቲናዊ ከጨዋታ ውጭ የሆነን ተጫዋች «ኦርሳይ» ይለዋል፤ የእንግሊዝኛው ኦፍሳይድ ነው። ዳኛውን «ሬፌሪ» ይላል። በሰፈር አነጋገር ጨዋታው ራሱ «ፉልቦ» ነው። ከስኮትላንዳዊው መምህርና ከባልደረቦቹ አፍ የወጡት ቃላት በስደተኛው ልጅ ምላስ ተኮላትፈው የአገር ቃል ሆነዋል።

የእኛም ቢሆን ከዚህ አይለይም። ቴስታ፣ ካልቾ፣ ሪጎሬ እያልን ያደግነው ከየት አምጥተነው ነው? ከጣሊያንኛ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመሠረትም ኳስ በአዲስ አበባ በብዛት በውጭ አገር ተወላጆች ዘንድ የምትዘወተር ጨዋታ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው ግን እኛው ነን። «ሪጎሬ» ብሎ የጮኸ ሰው ጣሊያናዊ አልሆነም። ቃሉ ነው ኢትዮጵያዊ የሆነው።

የተከለውስ?

ሃተን ዕድሜ ጠግቦ በማርች 1936 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ እዚያው ቦነስ አይረስ አረፈ። ከመሞቱ በፊት ብዙ አይቷል። አሉምኒ ሲፈርስ አይቷል። አርጀንቲና በ1930 ለመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስትደርስ ኖሮ ሰምቷል። በ1931 የፕሮፌሽናል ሊግ ሲቋቋምም ነበር፤ ለሰብዕና ግንባታ ብሎ ያስተማረው ጨዋታ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆነ። የተቀበረው ቻካሪታ በሚገኘው የብሪታንያውያን መካነ መቃብር ነው። በ1950 «የሻምፒዮኖች ትምህርት ቤት» የሚል ፊልም ስለ እሱና ስለ አሉምኒ ተሠርቷል፤ የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ቤተ መጻሕፍትም በስሙ ይጠራል። ለመምህር መታሰቢያ ከስታዲየም ይልቅ ቤተ መጻሕፍት መሆኑ ደስ ይለኛል።

በ1953 አርጀንቲና ቦነስ አይረስ ላይ እንግሊዝን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ተማሪ መምህሩን ረታ ተባለ። ከዚያም 1986 መጣ። 1978፣ 1986ና 2022 ሲደመሩ ሦስት የዓለም ዋንጫ ሆነ። ስኮትላንድ፣ ያ መምህር የተወለደባት አገር፣ በዓለም ዋንጫ ከመጀመሪያው ዙር አልፋ እንኳ አታውቅም ነበር በዚያ ሁሉ ዘመን።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ጥያቄ የተከለው ነገር የማን ነው የሚል ነበር። የእኔ መልስ የሚከተለው ነው። ተካዩ ጥሩ ተካይ ከሆነ የተከለው ነገር የእሱ አይሆንም። ሃተን ኳስን በብሪታንያውያን ክበብ አጥር ውስጥ ቆልፎ ቢያስቀምጣት ኖሮ እስከ ዛሬ የእሱ በሆነች፤ ግን እንደ ክሪኬቱ የጥቂቶች ጨዋታ ሆና በቀረች ነበር። እሱ ግን ለልጆች አስተማራት፤ ልጆቹ ለሰፈር ሰጧት፤ ሰፈሩ ወስዶ እንደገና ፈጠራት። ዛሬ በቦነስ አይረስ ስታዲየም ከሚጮኸው ሕዝብ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ የውለታ ቢስነት ምልክት መስሎ ይታይ ይሆናል። ለእኔ ግን የሥራው ፍጻሜ ነው። መምህር ተማሪው ሲበልጠው ደመወዙን አገኘ ማለት ነው።